«አንዴ መጥተሽ እዪልኝ» የሚሉሽ ሰዎች

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአንድ አምራች ድርጅት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት በመጋዘን ጸሐፊነት ነው። ዛሬ የግዥና የንብረት ክፍሉን እመራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ግን ከዚህ በላይ የማድግበት ቦታ የለም። በሌሎች ድርጅቶች የሚሠሩ ወዳጆቼ፣ የእነሱም ወዳጆች፣ «ስቶካችን ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለን፣ እስቲ አንዴ መጥተሽ እዪልን» እያሉ ይደውሉልኛል። በዕረፍት ቀኔ እየሄድኩ አይላቸዋለሁ። አመስግነው ይሸኙኛል።

አሁን ራሴን ችዬ የማማከር ሥራ ልጀምር አስቤያለሁ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ «ከወጣሽ የመጀመሪያ ደንበኛሽ እኛ ነን» አለኝ። ግን ፈራሁ። ማስተርስ የለኝም። ስም ያላቸው ትልልቅ አማካሪ ድርጅቶች እያሉ እኔን ብቻዬን ማን ይፈልገኛል? ስንት ብዬ ልጠይቅ? ቢሮ ልከራይ ወይስ መጀመሪያ ድረ ገጽ ላሠራ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «እኩል በእኩል በሽርክና እንጀምር» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?
ያመነታችው

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ፍርሃትሽ በሰፊው ጽፈሽልኛል። ሰዎች እየደወሉ ስለሚጠሩሽ ጉዳይ ግን በጥቂት መስመር አልፈሽዋል። ለእኔ የደብዳቤሽ ዋና ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። አማካሪ ልሁን ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግር ያለበትን ሰው ፍለጋ ይንከራተታል። አንቺ ጋ ግን ባለ ችግሩ ራሱ ይደውላል። ማማከሩን ከጀመርሽ ቆይተሻል። ያልጀመርሽው ማስከፈሉን ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ ነገር በአብዛኛው ስለ ድንበር ነው። እርዳታው የቱ ጋ አልቆ ሥራው ይጀምራል? ሥራውስ የቱ ጋ ያበቃል? ዋጋው ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? ሙያው ሞልቷቸው፣ እነዚህን አራት ነገሮች አፍ አውጥቶ መናገር የሚያቅታቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሥራው የሚያስወጣቸውም የእውቀት ማነስ ሳይሆን ይህ ነው።

ቀላሎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ልጨርሳቸው። ቢሮ አትከራዪ። ሥራሽ የሚሠራው ደንበኛው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሪፖርቱን ቤትሽ ሆነሽ ትጽፊዋለሽ። ድረ ገጹም ሎጎውም ይቆይ። ለጊዜው ለሥራ ብቻ የሚውል ስልክና ኢሜይል፣ ምን እንደምትሠሪ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ እና የራስሽ ስም ይበቁሻል። የንግድ ፈቃድና የግብር ምዝገባ ግን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ማለቅ አለባቸው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከፍለሽ አነጋግሪና ምን ምን እንደሚጠበቅብሽ በጽሑፍ ተቀበዪ። ማስተርሱን እርሺው። ቁጥሩ አልገጥም ብሎት እንቅልፍ ያጣ ሥራ አስኪያጅ የሚጠይቅሽ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የት እንዳስተካከልሽ ነው።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም አያስፈሩሽ። የሥራ አመራር ጸሐፊና አማካሪ የነበረውን ፒተር ድራከርን ስሙን ሳትሰሚ አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ1943 የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያውን ከውስጥ እንዲያጠና ጋበዘው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ስመ ጥር ድርጅቶችን ሲያማክር የራሱን አማካሪ ኩባንያ አላቋቋመም፤ ብቻውን ነበር የሚሠራው። ደግሞም ስም ያለው አማካሪ ድርጅት 60 ሠራተኛ ያለውን አምራች ብዙም አይፈልገውም፤ አምራቹም የድርጅቱን ዋጋ አይችለውም። ያ ሜዳ ባዶ ነው። ሌላም አለ። በትልቅ ድርጅት ሥራውን የሚያመጣው ባለ ልምዱ ሰው፣ መጋዘን ወርዶ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ገና ጀማሪው ነው። አንቺ ጋ ደንበኛው የተነጋገረው ሰውና ሥራውን የሚሠራው ሰው አንድ ናቸው። ይህን ለደንበኛ ደፍረሽ ንገሪው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ።

የምትሠሪውን አጥብቢው። ራሱን ችሎ የሚጀምር ሰው ሥራ እንዳያመልጠው ብሎ ሁሉን ይደረድራል። «በግዥ፣ በንብረት አስተዳደር፣ በሎጂስቲክስ፣ በሥልጠናና በአመራር ዘርፍ አማክራለሁ» ይላል። ይህን የሰማ ሰው ደቂቃ ሳይቆይ ይረሳዋል። ለሌላ ሰውም ሊነግርልሽ አይችልም። አንቺ እንዲህ ብትዪስ? «ዕቃቸው ከመዝገባቸው ጋር ለማይገጥም አነስተኛና መካከለኛ አምራቾች፣ ልዩነቱ የት እንደሚፈጠር ፈልጌ አገኛለሁ፤ እንዳይደገምም አስተካክላለሁ።» ይህን የሰማ ሰው ወዲያው አንድ የሚያውቀው ድርጅት ትዝ ይለዋል። የምትፈልጊው ያንን ነው። ጄምስ ማኪንዚ እ.ኤ.አ. በ1926 ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን አማካሪ ድርጅት ሲያቋቁም የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበር። የታወቀበትም ነገር ጠባብ ነው፦ በጀትን ለሥራ አመራር መሣሪያ አድርጎ መጠቀም። ድርጅቱ ሌላ ሌላውን የጨመረው ቆይቶ ነው። አንቺም ስትታወቂ ትጨምሪያለሽ።

የመጀመሪያው የምትሸጪው ነገር ደግሞ ትንሽ ይሁን። ለማያውቁት ሰው የዓመት ፕሮጀክት የሚሰጥ የለም። አጭር ምርመራ ግን ይሰጣል። እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከመዝገቡ 50 ዕቃ እመርጥና መደርደሪያው ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሌላ 50 እመርጥና መዝገቡ ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ሁለቱ ቆጠራዎች አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው ተጽፎ የሌለውን ያሳያል። ሁለተኛው ኖሮ ያልተጻፈውን ያሳያል። ብዙ ድርጅት በመጀመሪያው ብቻ ያልፋል፤ ከዚያ ግማሹ ችግር ሳይታይ ይቀራል።

ቀጥሎ ጥቂት ዕቃዎችን ይዞ ከግዥ ጥያቄው ጀምሮ ከመጋዘን እስኪወጡ ድረስ ወረቀታቸውን መከተል ነው። ማን ይረከባል? ማን ይፈርማል? ዕቃው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመዘገበው? በካርቶን ገብቶ በፍሬ የሚወጣ ዕቃ ስንቱን መጋዘን እንዳመሰው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃስ የት ይጻፋል? ከመጋዘን ሠራተኞቹ ጋር አለቃቸው በሌለበት ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው ያልተናገሩት። ሌባ ፍለጋ እንዳልመጣሽም በመጀመሪያው ቀን ግልጽ አድርጊላቸው። ይህን ሳትዪ ቆጠራ ከጀመርሽ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋብሻል።

መጨረሻ ላይ አጭር ሪፖርት ትሰጫለሽ። 5 ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ልዩነቱ በዓመት ስንት እያስከፈላቸው እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና መጀመሪያ የሚስተካከሉት 3 ነገሮች ምን እንደሆኑ ይናገር። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በላይ ላያነብ ይችላል፤ ምንም አይደለም። ምርመራው ካረካቸው ማስተካከሉንም ላንቺ ይሰጡሻል። ባይሰጡሽም ተከፍሎሻል፣ ስምሽም ተነስቷል።

ምርመራው በክፍያ መሆኑ ላይ አጥብቄ አደራ እላለሁ። በነጻ የተሰጠ ምርመራ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የተከፈለበትን ሪፖርት ግን ሰው ያነበዋል፤ ስብሰባ ጠርቶም ይወያይበታል።

ታዲያ ስንት? እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያዢ። አሁን በወር 10 ሺህ ይከፈልሻል እንበል፤ ቁጥሩን በራስሽ ደመወዝ ቀይሪው። በዓመት 120 ሺህ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት 2,080 ሰዓት ይሆናል። ስታካፍዪው በሰዓት 58 ገደማ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲህ 60 ልበል» ይላል። ኪሳራው የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት ነው።

ምክንያቱም ከ52ቱ ሳምንት ዕረፍት፣ በዓላትና ሕመም 7 ያህሉን ይወስዳሉ። 45 ሳምንት ቀረ፤ 1,800 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ደንበኛ ፍለጋ አለ። ፕሮፖዛል መጻፍ አለ። መንገድ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ያልተከፈለ ገንዘብ መከታተል አለ። ለእነዚህ የሚከፍልሽ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጊዜሽ ግማሹን ካስከፈልሽ ጥሩ ነው። ስለዚህ 900 ሰዓት። ወጪው ደግሞ ይጨምራል። ቀጣሪሽ ያዋጣልሽ የነበረው ጡረታና ኢንሹራንስ፣ ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ፣ ትራንስፖርቱ ሁሉ አሁን ከኪስሽ ነው። ለዚህ 45 ሺህ ያዢ። ሥራ ለሚጠፋባቸው ወራት 15 ሺህ ጨምሪ። ድምሩ 180 ሺህ ሆነ። ለ900 ስታካፍዪው በሰዓት 200፣ በ8 ሰዓት ቀን ደግሞ 1,600 ይመጣል።

ከ58 ወደ 200። ይህን ሲያዩ ብዙዎች «አበዛሁት» ብለው ይደነግጣሉ። አላበዛሽም። አሁን በደመወዝ የምታገኚውን ኑሮ ሳታጎድዪ ለመቀጠል የሚያስፈልግሽ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ከጠየቅሽ የደንበኛውን ወጪ አንቺ እየከፈልሽለት ነው።

ይህን የሰዓት ሒሳብ ግን ለራስሽ ያዢው። ለደንበኛው የምትነግሪው ለጠቅላላ ሥራው አንድ የተቆረጠ ዋጋ ይሁን። በሰዓት ስታስከፍዪ ልምድሽ ይጎዳሻል፤ ፈጥነሽ በጨረስሽ ቁጥር የሚከፈልሽ ያንሳል። ደንበኛውም ስልክ ባነሳ ቁጥር ሰዓት ያያል። በወር የተወሰነ ክፍያ እየተከፈለሽ በቋሚነት መከታተልም አለ። ደስ የሚል አሠራር ነው፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሥራ ሠርተሽለት ከተማመናችሁ በኋላ ይሁን።

ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስትገምቺ ደግሞ ራስሽን አትመኚ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት ሰው ወደፊት የሚሠራውን ሥራ ሲገምት ሁሉ ነገር እንደታቀደው የሚሄድ አድርጎ ያስባል፤ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ምን ያህል እንደፈጀበት እያወቀም ጭምር። ያንቺም ሥራ በሌሎች ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጋዘን ኃላፊው ዕረፍት ይወጣል። የተጠየቀው መረጃ ይዘገያል። ሲስተሙ ይቋረጣል። ስለዚህ 8 ቀን ከመሰለሽ 12 ብለሽ አስዪ። 12 ቀን በ1,600 ሲባዛ 19,200 ነው።

19,200 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይህን የሚወስነው ደንበኛው በችግሩ ምክንያት የሚያጣው ገንዘብ ነው። በዓመት 300 ሺህ ዋጋ ያለው ዕቃ የት እንደገባ የማያውቅ ሰው ቶሎ ይወስናል። 10 ሺህ ብቻ የሚጎድልበት ግን ደንበኛሽ አይደለም፤ እንዲህ ብለሽ በቅንነት ንገሪው። ሌላ ሰው ይዞልሽ የሚመጣው እንዲህ የተነገረው ሰው ነው። ለዚህ ስትዪ በመጀመሪያው ውይይት ላይ ከመናገር ይልቅ ጠይቂ። ችግሩ መቼ ጀመረ? እስካሁን ምን ሞከራችሁ? ለምን ዛሬ መፍታት ፈለጋችሁ? በዓመት ስንት ያስወጣችኋል? ተፈትቷል የምትሉት ምን ስታዩ ነው? ከእርስዎ ሌላ የሚወስን ሰው አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው በይሉኝታ ይዘላታል። ከዚያ ወር ሙሉ ከማይወስን ሰው ጋር ሲመላለስ ይከርማል።

ዋጋውን ስትናገሪ ቁጥሩን ተናገሪና ዝም በዪ። «ከበዛ መነጋገር እንችላለን» አትበዪ። ደንበኛው «ውድ ነው» ካለ ዋጋውን ከመቀነስ ሥራውን ቀንሺ። «ከሁለቱ መጋዘኖች በአንዱ እንጀምር» ማለት ትችያለሽ። ያንኑ ሥራ በግማሽ ዋጋ ከሰጠሽ ግን የመጀመሪያው ቁጥር የተፈጠረ ነበር ማለት ነው፤ ደንበኛውም እንደዚያው ያስባል።

ከተስማማችሁ በኋላ ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ለመጀመሪያው ሥራ ሁለት ገጽ ውል ይበቃል። ምን እንደምትሠሪ ይጻፍ። ምን እንደማትሠሪም ይጻፍ፤ ይህኛው ይበልጥ ያስፈልግሻል። ደንበኛው እስከ መቼ ምን መረጃ እንደሚሰጥሽ፣ ማን ከጎንሽ እንደሚመደብ፣ ሪፖርቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ዋጋው፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ አንዳችሁ ማቋረጥ ብትፈልጉ ምን እንደሚሆን ይግባበት። የሰማሽውን የድርጅቱን ምስጢር እንደምትጠብቂም ቃል ግቢ። ውሉን ሕግ የሚያውቅ ሰው አንዴ ይይልሽ። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹም ደንበኞች እሱን ታሻሽያለሽ።

ሥራው መሃል ላይ «እግረ መንገድሽን የሽያጭ ክፍሉንም እዪልን» መባሉ አይቀርም። የምትወጂው ደንበኛ ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ያስቸግራል። እምቢ አትበዪ። «ደስ ይለኛል። ከውላችን ውጭ ስለሆነ ዋጋውንና የሚፈጀውን ጊዜ ጽፌ ነገ እልክልዎታለሁ» በዪ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቤትሽ ውስጥ ጮክ ብለሽ ተለማመጃት። ሁለት ሦስቴ በነጻ ካለፍሽ ድንበሩ ጠፋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማስመሩ ጠብ ይሆናል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ከአዲስ ደንበኛ ሥራው ሳይጀመር ግማሹን ቅድሚያ ተቀበዪ። ቀሪውን ሪፖርቱን ባስረከብሽበት ቀን ጠይቂ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይሁን። አንድ ልብ የማይባል ነገር ልንገርሽ። ሥራውን የሚያጸድቀው ሰውና ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው የተለያዩ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ እያመሰገነሽ የክፍያ መጠየቂያሽ ሒሳብ ክፍል ውስጥ አንድ ቁጥር ጎድሎት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሉ በተፈረመበት ቀን ሒሳብ ክፍል ሂጂና «ክፍያ እንዳይዘገይ ምን ምን ሰነድ ትፈልጋላችሁ? በየትኛው ቀን ነው የምትከፍሉት?» ብለሽ ጠይቂ። የሒሳብ ሠራተኛዋን በስሟ እወቂያት።

ገንዘቡ ሲገባ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ወዲያው ለግብር አስቀምጪ፤ ትክክለኛውን መጠን የሒሳብ ባለሙያሽ ይነግርሻል። ይህን ገንዘብ ያንቺ ነው ብለሽ አትቁጠሪው።

አሁን እየደወሉ ስለሚጠሩሽ ወዳጆች እናውራ። ሁላቸውም በአንዴ ደንበኛ ይሆናሉ ብለሽ አትጠብቂ። ከፊሎቹ ነጻ ስለሆነ ነው የሚደውሉት፤ ዋጋ ስትነግሪያቸው ዝም ይላሉ። ይህ አያስቀይምሽ። እኔ የምመርጥልሽ መስመር ይህ ነው፦ የስልክ ምክር ነጻ ይሁን፣ መጋዘን መግባት ይከፈልበት። ሲደውሉ 20 ደቂቃ በሙሉ ልብሽ ስሚያቸው፣ ያወቅሽውንም ንገሪያቸው። «መጥተሽ እዪልን» ሲሉ ደግሞ «አሁን ይህን በሥራነት ይዤዋለሁ። ምን እንደማደርግና ስንት እንደሆነ አንድ ገጽ ልላክላችሁ?» በያቸው። ወዳጅነቱ ይጎዳል ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ወዳጅነትን የሚጎዳው አንቺ በውስጥሽ እያጉረመረምሽ የዕረፍት ቀንሽን ስትሰጫቸው ነው። ከዚህ በፊት በምክርሽ የተጠቀሙትንም በጽሑፍ ምስክርነት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ምን ችግር ነበር፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ ምን ተለወጠ? ይህ የዲግሪውን ቦታ ይሸፍንልሻል።

ከእነሱ ውጭ ሌሎችንም መድረስ አለብሽ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቋል። በተደጋጋሚ የሚያገኙትን ሰው የጠቀሱት 17 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሥራውን ያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ በሚያዩት ሰው በኩል ነው። ነገሩ አይገርምም። የቅርብ ወዳጆችሽ የሚያውቁትን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በሌላ ዓለም ያለውን ወሬ የሚያመጣልሽ ሩቅ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የድሮ አቅራቢዎችሽን፣ አብረውሽ ሠርተው የለቀቁትን፣ ሥልጠና ላይ የተዋወቅሻቸውን በስም ዘርዝሪያቸው። ለእያንዳንዱ ለብቻው አጭር መልእክት ጻፊ። «እንደምን ከረሙ? ዕቃቸው ከመዝገባቸው ጋር የማይገጥምባቸውን አምራቾች ማማከር ጀምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት የሚያውቁት ድርጅት ካለ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል።» ሥራ ስጡኝ አላልሽም። ስም ብቻ ነው የጠየቅሽው፤ ስም መስጠት ለማንም ቀላል ነው።

ይህን ፍለጋ ሥራ ሲበዛብሽም አታቋርጪው። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ለእሱ ብቻ ይያዝ። በሥራ ተወጥረሽ ፍለጋውን ካቆምሽ ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ያልቅና ማንም የማይጠብቅሽ ሆነሽ ትገኛለሽ። የግል አማካሪዎች አንዴ መተኛት የሚያጡት፣ አንዴ ደግሞ ሥራ ፈተው የሚቀመጡት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አለቃሽ የሰጠሽን ተስፋ በተመለከተ ጠንቀቅ በዪ። ሰውዬው ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ግን በጀት አልያዘልሽም፣ ውልም አልፈረመም። ከመልቀቅሽ በፊት «ከወጣሁ በኋላ በወር ይህን ያህል ቀን ይህንን ልሥራላችሁ» የሚል አንድ ገጽ ሰጥተሽ ፊርማ ጠይቂ። ከፈረመ ጥሩ ጅምር ነው። «ያኔ እናየዋለን» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል። ቢፈርምም እሱ ብቻ እንዳይሆን። ገቢሽ ሁሉ ከአንድ ደንበኛ ከመጣ እሱ ሲያስነጥስ አንቺ ትታመሚያለሽ። በብዙ አገር ደግሞ ለአንድ ደንበኛ ብቻ፣ በእሱ ሰዓትና በእሱ መሣሪያ የሚሠራን ሰው የግብርና የሠራተኛ ሕግ እንደ ተቀጣሪ ሊያየው ይችላል። ይህም ለሁለታችሁም ጣጣ ያመጣል።

የሥራ ውልሽንም አውጥተሽ አንብቢው። ከለቀቅሽ በኋላ ለተፎካካሪ እንዳትሠሪ ወይም የድርጅቱን ደንበኞች እንዳታነጋግሪ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ካለ ሕግ አዋቂ አማክሪ። ከቢሮሽ ደግሞ ምንም ፋይል ይዘሽ አትውጪ። የአቅራቢ ዋጋ ዝርዝር፣ ራስሽ ያዘጋጀሽው የቆጠራ ቅጽ እንኳ ቢሆን ይቅር። አንቺ ብትሠሪውም በእነሱ ሰዓት የተሠራ ነው። ቅጹን ቤትሽ ሆነሽ እንደ አዲስ ሥሪው፤ የተሻለ ይወጣል። የምትገቢበት ድርጅት ሁሉ ምስጢሩን የሚሰጥሽ አምኖሽ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤቷን ሰነድ ይዛ የመጣችን ሴት ማን ያምናል?

ታዲያ መቼ ትልቀቂ? ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ቁጠሪው። ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ፊርማ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሥራው አንድ ወር ይወስዳል። የመጨረሻው ክፍያ ሌላ አንድ ሁለት ወር ይቆያል። ስለዚህ ቢያንስ የ6 ወር የቤት ወጪ በእጅሽ ሳይኖር አትውጪ። ከተቻለ ደግሞ አንዱን የተከፈለበት ምርመራ ገና ተቀጥረሽ እያለሽ፣ በዕረፍት ቀንሽ ሠርተሽ ጨርሺ። ውልሽ የሚፈቅድ ከሆነና ከቀጣሪሽ ጋር የማይወዳደር ድርጅት ከሆነ ማለቴ ነው። ገንዘቡ በእጅ የሌለው ሰው ቸኩሎ የማይሆን ደንበኛ ይቀበላል፣ በማይሆን ዋጋም ይስማማል። እስካሁን ስለ ድንበር ያልኩሽን ሁሉ የሚያፈርሰው የባዶ ኪስ ጭንቀት ነው።

የቀረችው ባልደረባሽ ናት። «እኩል በእኩል» ቶሎ የሚባል ነገር ነው። እሷ ምን ታመጣለች? አንቺ የሌለሽን፣ ለምሳሌ ሥራ ማምጣትን ወይም የሲስተም እውቀትን የምታመጣ ከሆነ መነጋገሩ አይከፋም። አንቺ የምታውቂውን ብቻ የምታውቅ ከሆነ ግን ገቢው ለሁለት ይከፈላል፣ ሥራው ግን እጥፍ አይሆንም። ማኅበር ከመመሥረታችሁ በፊት አንድ ሥራ ብቻ አብራችሁ ሥሩ። ማን ደንበኛውን እንዳመጣ፣ ማን ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ክፍያው እንዴት እንደሚከፈል ሥራው ሳይጀመር ጻፉት። ያ ሥራ ሲያልቅ ሁለታችሁም ሌላ አብራችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ያኔ ስለ ሽርክና አውሩ። ይህን ስትነግሪያት የምትቀየም ከሆነ አብራችሁ አትጀምሩ።